ጠያቂው ይናገር ወይስ መላሹ ይጠይቅ? ከአንድ ጠቦት የተነሣ የውይይት ክር

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ከወር በላይ ይሆነዋል፣ እኛው የሰሜን ሸዋ ልጆች በምንወያይበት በዚሁ መድረክ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን በጎቹ ባሶና ወራና ገጠር የምትኖረው የእናቴ ናቸው። የጻፍኩት አንድ የዓመት ጠቦት እንደታመመብን፣ መብላት እንደቀነሰና እንደከሳ ገልጬ የትኛው መድኃኒት እንደሚሻለው ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አራት ሰዎች መለሱልኝ፤ ሦስቱ የትል መድኃኒት እንድሰጠው መከሩኝ፣ አራተኛው መጠኑን ጭምር ነገረኝ። መልሶ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። መድኃኒቱን ገዝቼ ላክሁ፤ ተሰጠው፣ ከሳምንት በኋላም ተደገመ። ጠቦቱ ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት ሄዶ መቆም ሲያቅተው፣ ከነአካቴው ሳይሞት ይታረድ ተባለ። ታናሽ ወንድሜ ጭንቅላቱን በመጥረቢያ ሲፈልጠው ከአንጎሉ መካከል የዶሮ እንቁላል የሚያክል፣ ውኃ የቋጠረ ስስ ከረጢት ወጣ፤ ወደ ብርሃን ሲያዩት በግድግዳው ላይ የጤፍ ፍሬ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ተሰባስበው ይታዩ ነበር።

ጥያቄዬ ስለ ጠቦቱ አይደለም፤ እሱ አልፏል። ርዳታ የሚጠይቅ ሰው የትኛው ነገር እንደሚጠቅምና የትኛው እንደማይጠቅም አስቀድሞ እንዴት ሊያውቅ ይችላል? ያንን የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ከመነሻው ሰው ደጅ ባልቆመ ነበር። ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ ሳይጠይቅ የሚመልስ ሰው፣ ሳይናገር ከሚጠይቀው ይልቅ ጥፋቱ ይከብዳል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልሶቹ አራት ቀን ያህል ዘለቁ። በተራቸው አስቀምጫቸዋለሁ፤ የማንንም ስም አላነሣሁም፣ ንግግራቸውንም ቃል በቃል አልገለበጥሁም።

1ኛ መልስ። ከመሐል ሜዳ የሚጽፉ አንድ መምህር ሰላምታቸውን አስቀድመው፣ እናቴን እግዜር ይተካልሽ በልልኝ ካሉ በኋላ ጥፋቱን ለሁለቱም ወገን እኩል አካፈሉ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚባለው ተረት መጠየቅን እንጂ እንዴት መጠየቅ እንዳለብን እንደማያስተምር፣ እኛም ልጆቻችንን መልስ እንጂ ጥያቄ ጽፈው እንዲመጡ አዘናቸው እንደማናውቅ ጻፉ። ጨዋ መልስ ነበር፤ ጥፋት ለሁለት ሲከፈል ግን ለማንም እንደማይደርስ ያን ጊዜም ታይቶኝ ነበር።

2ኛ መልስ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ስልክ የሚጠግን ወጣት ነገሩ ከሱ ሱቅ ውጪ የሆነ አልመሰለውም። ደንበኛው ስልኩን ባንኮኒው ላይ ያኖርና አይሠራም ብሎ ዝም ይላል። ወድቆ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ አልወደቀም። ውኃ ነክቶት እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ በፍጹም። ከዚያ ክዳኑን ሲከፍተው፣ ውኃ ሲነካት ከነጭ ወደ ቀይ የምትለወጠው ትንሽ ወረቀት ቀልታ፣ ቻርጀሩ የሚሰካበት ቦታም አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ያገኘዋል። እንደሱ አባባል ደንበኛው የሚዋሸው ክፋት ኖሮበት ሳይሆን፣ እውነቱን ከተናገረ ዋጋ የሚጨመርበት ስለሚመስለው ነው፤ ዝገቱን ፍለጋ የሚፈጀው ጊዜ ግን እሱ ከፈራው ጭማሪ ይበልጣል። የእኔን አቋም አልተቀበለውም። እሱ ደንበኞቹን ሁልጊዜ እንደሚጠይቅ፣ እውነተኛ መልስ የሚያገኘው ግን ከመፍቻው እንጂ ከደንበኛው እንዳልሆነ ገልጾ ወጣ።

3ኛ መልስ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን አባባል ብቻ ጽፎ ያለፈ ሰው ነው።

4ኛ መልስ። ከአንኮበር አካባቢ የሆኑ አንድ አዛውንት ረጅም ጽሑፍ ላኩ፤ ከክሩ ሁሉ ደግሜ ያነበብሁት ይህን ነው። በሳቸው ልጅነት ደቦ የሚጠራ ሰው ዋዜማውን ሲመሽ ከቤት ቤት ይዞር ነበር። ከደጅ ቆሞ ቤቶች ይላል፤ ግባ ተብሎ ይገባል፤ የከብቱን፣ የልጁን፣ የቤቱን ደኅንነት ይጠይቃል። ሰላምታው ምንም ቢረዝም ግን ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ሳይናገር አይሄድም፤ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ማሳው የት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደጠራ። አጨዳ ነው ካለ ተጠሪው ማጭዱን ስሎ ያድራል፤ ውቂያ ነው ካለ መንሽና ላይዳ ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ አንድ ጎረቤታቸው ነገ ርዱኝ ብቻ ብሎ ዞሮ ኖሮ፣ በማግስቱ ግማሹ ሰው ማጭድ፣ ግማሹ መንሽ ይዞ ከአውድማው ዳር ተገናኘ፤ ማጭድ የያዙት ጠላውን ጠጥተው ተመለሱ። ወንፈል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል፤ የሰው ቀን ተበድሮ በቀን የሚመለስ ስለሆነ፣ ጠሪው የራሱን ዕዳ ጭምር እየተናገረ ነው የሚጠራው። አዛውንቱ ያጠቃለሉት፣ ሳይዘረዝር የሚጠራ ሰው የተጠሪውን ቀን እንደናቀ ይቆጠር እንደነበር በመግለጽ ነው።

5ኛ መልስ። ከዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። አዲስ አበባ የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የትውልድ አገሩ እነዋሪ መሆኑን ጠቅሶ፣ አዛውንቱን አንተ እያለ ሞገታቸው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ስልኩ በሰላምታ ብቻ ሃያ ጊዜ እንደሚጮህ፣ ሰላም ብለው ጽፈው መልስ እስኪያገኙ ጥያቄያቸውን የሚያቆዩ ሰዎች፣ ከነዚያም የባሱት ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል ወይ ብለው የሚጠይቁት ትዕግሥቱን እንደጨረሱበት ዘረዘረ። እሱ የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ምን ልታደርግ ነበር፣ ምን ሆነብህ፣ እስካሁን ምን ሞከርህ። ይህን ያልጻፈ ጠያቂ እንደልቡ ይጩህ እንጂ እሱ እንደማይመልስለት፣ አስቸኳይ የሚል ቃል ያለበትን መልእክት ደግሞ ጨርሶ እንደማይከፍት ደመደመ። ሦስቱ ነጥቦቹ ከአዛውንቱ ሦስት ነጥቦች ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ግን ያስተዋለ አይመስልም።

6ኛ መልስ። አንዲት የመንዝ ሴት ጉዳዩን ለጊዜው ወደ ጎን ትታ አንተ መባሉን ያዘች። መንዝ ውስጥ የሰውን ዕድሜ ሳያውቁ አንተ ማለት በር ሳያንኳኩ እንደመግባት እንደሚቆጠር፣ ፊት በማይታይበት ቦታማ አንቱ ማለት አስተማማኝ እንደሆነ፣ ለልጅ አንቱ ቢሉት ልጁ እንደሚስቅ፣ ለሽማግሌ አንተ ቢሉ ግን ርዳታውም አብሮ እንደሚቀር አስረዳች። ሰላምታ የሚያጠፋው ጊዜ እንደሌለም ተከራከረች፤ ሰላምታውን ከጥያቄው ጋር በአንድ መልእክት መጻፍ ይቻላልና። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ የአምስተኛውን ሰው ቅሬታ ከሥሩ የምትፈታ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ የተጻፉት አምስት ስድስት መልእክቶች ግን ስለ አንተና አንቱ ብቻ ስለነበሩ በቁጥር አላስገባኋቸውም።

7ኛ መልስ። በደሴ መንገድ የሚሠራ የጭነት መኪና ሹፌር ክሩን ወደ መስመሩ መለሰው። ጣርማበር ላይ ጉሙ ሲወርድ የራስን መኪና አፍንጫ ማየት እንደሚቸግር የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ባልደረባው መኪናው ቆሞበት ሲደውልለት የነገረው ስለ ብርዱ፣ ስለ ጉሙ፣ ጭነቱን ስለሚጠብቀው ነጋዴ ነበር፤ ከጣርማበር ዋሻ በደብረ ሲና በኩል ይሁን ወይስ በደብረ ብርሃን በኩል ግን ሳይናገር የስልኩ ካርድ አለቀ። ሹፌሩ ከመካኒክ ጋር ዋሻውን ሁለት ጊዜ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲያነሣ ከሰላምታም፣ ከማንም በፊት የሚጠይቀው የት ነህ ብሎ ነው፤ በቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር በ907 ለሚደውልም ይህንኑ ይመክራል፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታው ከታወቀ የሚመጣ ሰው አይጠፋምና።

8ኛ መልስ። ደብረ ሲና የምትሠራ ነርስ ካሁን በፊት ማንም ያላነሣውን ነገር አነሣች። ብዙ ታካሚ የሚመጣው ሕመሙን ይዞ ሳይሆን መድኃኒቱን መርጦ ነው፤ መርፌ እንዲወጋ ወይም ግሉኮስ እንዲተከልለት ይጠይቃል እንጂ ምን እንደተሰማው አይናገርም። ምን አመመህ ስትለው ጨጓራዬን ይላል፤ እሱም ቢሆን ራሱ የሰጠው ፍርድ ነው። እሷ የምትሻው ግን እጁን የት ላይ እንደሚያሳርፍ፣ ሲበላ ይሁን ሲራብ፣ ሌሊት ይቀሰቅሰው እንደሆነ ነው። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ አንዲት ጥያቄ አቀረበችልኝ፤ በሽታውን በዓይኗ ያየችው እናቴ ስለሆነች፣ እናቴ በስልክ ስትነግረኝ የተጠቀመችባቸውን ቃላት እንዳሉ እንድጽፍ።

9ኛ መልስ። ይህ የእኔው ነው፤ ለመጻፍ አንድ ሌሊት ወስዶብኛል። እናቴ በስልክ የነገረችኝ ጠቦቱ አዙሪት ይዞታል ብላ ነበር። ከመንጋው ተለይቶ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ እዚያው በዚያው እንደሚዞር፣ በግራ ዓይኑ በኩል ሲመጡበት እንደማያይ፣ ከግድግዳ ጋር ተላትሞ ግንባሩን አስደግፎ እንደሚቆም ዘርዝራ ነግራኛለች። እኔ አዙሪት የሚለውን ቃል የመንደር አባባል፣ ያልተማረ ሰው ቃል አድርጌ ስለቆጠርሁት፣ ለባለሙያ የሚመጥን መስሎኝ ምግብ ቀንሷል፣ ከስቷል ብዬ አስተካክዬ ጻፍሁት። መድኃኒት የሚል ቃል የጨመርሁትም እኔ ነኝ፤ እናቴ የጠየቀችኝ ምን እንደሚሻል እንጂ ምን ልስጠው ብላ አይደለም። ይህን ስጽፍ አቋሜን ሙሉ በሙሉ አልተውሁም፤ ግማሹን ግን ትቻለሁ።

10ኛ መልስ። በመጀመሪያው ጥያቄዬ የትሉን መድኃኒት መጠን የነገረኝ ሰው ተናድዶ መጣ፤ ሊናደድም ይገባዋል። እሱ የመለሰው እኔ ለጻፍሁት በግ እንጂ እናቴ ላየችው በግ እንዳልሆነ፣ ጥያቄውን አጥቤና አበጥሬ አቅርቤ ሳበቃ በሰው ሁሉ ፊት ጥፋተኛ ፍለጋ መውጣቴ ነውር እንደሆነ፣ ርዳታ በነጻ የሰጠ ሰው በማግስቱ የሚከሰስ ከሆነ በዚህ መድረክ መልስ የሚሰጥ እንደማይገኝ በጠንካራ ቃል ጻፈ። አብዛኛው እውነት ነው። ሆኖም መጠን የሚነግር ሰው የበጉን ክብደት እንኳ አለመጠየቁን ሳላነሣ አላልፍም፤ ይህን ያን ጊዜ አልጻፍሁለትም፣ አሁን መጻፌ ነው።

11ኛ መልስ። ለበዓል የሚሆን የመንዝ በግ ዋጋ የት እንደደረሰ የጠየቀ ሰው ነበር። ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ዋጋ ነገሩት፤ አንዱም የበጉን ዕድሜ፣ የየትኛውንም ገበያ ስም አልጠቀሰም።

12ኛ መልስ። የኮምፒውተሩ ባለሙያ ተመለሰ። አዛውንቱን ይቅርታ በቀጥታ አልጠየቃቸውም፤ ግን በዚህ ጊዜ እርስዎ አላቸው። ጠያቂ ሁሉ የሚሞላው አንድ ወጥ ቅጽ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረበ፤ ቦታ፣ ዕድሜ፣ ብዛት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ተደረገ እያለ የሚዘልቅ። የመንዟ ሴት ወዲያው ተቃወመችው፤ ቅጽ ያየች እናት ስልኩን ለልጇ እንደምትሰጥ፣ ልጁም እንደ እኔው አስተካክሎ እንደሚጽፈው ተናገረች። በድምፅ ይላኩ፣ እንዳዩት ይናገሩ የሚለው ሐሳቧ ብዙ ድጋፍ አገኘ። የአምስት ደቂቃ ድምፅ የሚያዳምጥ ማን ነው ብሎ ያማረረም አልጠፋም።

13ኛ መልስ። አዛውንቱ መንዝ ውስጥ ስላለው የጋራ የሣር ምድር፣ ስለ ጓሳ አወሩ። በጥንቱ ሥርዓት ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይጠበቅ እንደነበር፣ አስቦና ጌራ የተባሉት ሁለቱ ባለመብት ወገኖች የየራሳቸውን አባ ቄራ፣ ማለትም የጥበቃ አለቃ መርጠው ጥበቃውን እንደሚያስተዳድሩ፣ ማንም ሰው ዘመድ ስላለው ብቻ በስርቆሽ ጠይቆ የሚያጭድበት መንገድ እንዳልነበረ ተረኩ። ከጉዳያችን ጋር ያገናኙት፣ የጋራ የሆነን ነገር ለብቻ ጠርቶ መጠየቅ ጥሩ አይደለም በማለት ነው፤ በአደባባይ የተጀመረን ጥያቄ በውስጥ መስመር ላኩልኝ የሚሉ ሰዎችን ማለታቸው ነበር፤ መልሱ ለአንድ ሰው ደርሶ ለሌላው ይጠፋልና። መንገዱ ሩቅ ቢሆንም ደርሰዋል።

14ኛ መልስ። እስከዚህ ዝም ብሎ ሲያነብ የቆየ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ገባ። አዙሪት የሚለው ቃል እነሱም ዘንድ የሚሠራበት ስም እንደሆነ፣ ቃሉን ቢያየው ኖሮ የትል መድኃኒት ይሰጠው እንደማይል ገለጸ። የሚዞር በግ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት እንዳልሆነም አስጠነቀቀ፤ የጆሮ ውስጥ ሕመምና ሌላም የአንጎል ሕመም ያዞራል። ከረጢቱ ከነነጫጭ ነጥቦቹ መገኘቱ ግን ጥርጣሬ አይተውም። ከረጢቱ የአንድ የኮሶ ትል ዕጭ ነው፤ ትሉ ራሱ የሚኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ሲሆን፣ እንቁላሉ ከውሻው ኩስ ጋር ግጦሽ ላይ ወድቆ በጉ ሲግጠው ከውስጡ የሚወጣው ዕጭ ወደ አንጎል ይዘልቃል። በብዛት የሚያጠቃው ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ነው። በተለምዶ የሚሰጠው የትል መድኃኒት ለዚህ ከረጢት አይደርስለትም። ይህን ሁሉ ካብራራ በኋላ፣ ሠላሳ ሰው በተከራከረበት ክር ውስጥ አንድም ሰው ያልጠየቀውን ጠየቀኝ፤ የተፈለጠው ጭንቅላትና ከረጢቱ የት ገቡ?

15ኛ መልስ። ከእናቴ ጋር ደውዬ ተነጋግሬ የመለስሁት እኔ ነኝ። ጭንቅላቱን ውሻው በልቶታል፤ ከረጢቱንም ወንድሜ ወደ ጓሮ ወርውሮት እሱው ነው የላሰው። መቼ እንደሆነም ሰሞኑን ብዬ ጻፍሁ።

16ኛ መልስ። ባለሙያው ሰሞኑን የሚለውን ቃል አልተቀበለኝም። ከእነዚያ ነጫጭ ነጥቦች እያንዳንዱ በውሻው አንጀት ውስጥ ራሱን የቻለ ትል ሊሆን እንደሚችል፣ ትሉ አድጎ እንቁላል ማውጣት የሚጀምረው ግን ከአምስት ስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ መሆኑን ገልጾ ቀኑን ቆጥሬ እንድነግረው አዘዘኝ። እናቴ በግ የታረደበትን ዕለት አልዘነጋችም፤ ማግስቱ የገብርኤል ዕለት ነበር። ሲቆጠር አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ጊዜ አለ ማለት ነው። ውሻው እንዲታሰር፣ የኮሶ ትል ማጥፊያ እንዲሰጠው፣ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ኩሱ እየተለቀመ እንዲቃጠል ወይም በጥልቅ እንዲቀበር፣ ይህን የሚሠራውም ሰው እጁን በሳሙና እንዲታጠብ መከረ። ውሻው ቀድሞም የዚህ ትል ተሸካሚ ሊሆን ስለሚችል፣ በአንድ ግጦሽ ለሚያሰማሩት ጎረቤቶች ነገሩን ዛሬውኑ መንገር እንደሚያስፈልግም አከለ። ይህ ለእናቴ ከበዳት። ሆኖም አመሻሽ ላይ ደርሳ ነግራቸዋለች፤ እነሱም የጠየቋት የራሳቸውን ውሻ ምን እናድርገው ብለው ነው።

17ኛ መልስ። መድኃኒቱን ከደብረ ብርሃን እኔ ልግዛ፤ ስንት ፍሬ ይበቃዋል ብዬ ጠየቅሁ። ባለሙያው ምንም ሳይጽፍ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ላከልኝ። የኮምፒውተሩ ባለሙያም ከሥሩ ሁለት ምልክት ጨመረ። ምን እንደረሳሁ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ፤ የውሻውን ክብደት ነበር።

18ኛ መልስ። እኔ። ወንድሜ ውሻውን ኬሻ ውስጥ ከትቶ፣ ከእህል ነጋዴው በተዋሰው በሚንጠለጠለው ሚዛን ሰቅሎ መዝኖታል፤ አሥራ ስምንት ኪሎ ነው።

19ኛ መልስ። ስልክ ጠጋኙ አሥራ ስምንቱ ኬሻውን ጨምሮ ነው ወይስ ተቀንሶ ብሎ ጠየቀ። አላውቅም ነበር። ኬሻውን ለብቻው መዝነው ልለው ወንድሜ ጋ ስደውል፣ ውሻው ገና ከኬሻው አልወጣልኝም አለኝ።